የውርጭ ስለት

አምሳል በዚያ ኅዳር አንድ ቦታ መቀመጥ አቅቷት ነበር። ወረታ ከተማ በተከራየቻት ክፍል ውስጥ ከአልጋው ወደ በሩ፣ ከበሩ ወደ አልጋው ትመላለሳለች። ሻይ ታፈላና ሳትጠጣው ይቀዘቅዛል። ሰው ሲያናግራት ዓይኗ ሰማይ ላይ ነው። አከራይዋ «ይቺ ልጅ የምትጠብቀው ሰው አለ» ብለው ለጎረቤት ሹክ አሉ፤ ጎረቤትም አምኖ ተቀበለ። ግማሹን ነበር ያወቁት። መጠበቁንስ ትጠብቃለች፤ የምትጠብቀው ግን ሰው ሳይሆን ውርጭ ነው።

ፎገራ ላይ ውርጭ ይፈራል እንጂ አይናፈቅም። እንደ ጉና አናት በየዓመቱ አይወርድም። ዓመታት እየዘለለ፣ ሰማዩ ጥርት ነፋሱ ጭጭ ባለበት ሌሊት፣ ረባዳው ሜዳ ላይ ነጭ አመዳይ ሆኖ ያድርና ጠዋት ፀሐይ ስትወጣ ያበበውን ሽምብራ ቀቅሎ ትቶት ይሄዳል። ክረምቱ በተወው እርጥበት ሽምብራና ጓያ የዘራ ገበሬ እስከ ጥር ድረስ ልቡ እንደተንጠለጠለ ነው። አምሳልም የዚሁ የገበሬ ልጅ ናት፤ አባቷ አቶ ጎበዜ ከቁሐር ሚካኤል ወዲያ ባለችው መንደራቸው በሽምብራቸው የታወቁ ናቸው። እንግዲህ ልጅቷ የምትመኘው አባቷ የሚፈሩትን ነው። ይህን ለማንም አልተናገረችም፤ ይነገራልስ እንዴ?

ነገሩ እንዲህ ነው። አምሳል ለሁለተኛ ዲግሪዋ የምታጠናው ሣርን ነው። ሣር ቀን ቀን በፀሐይ ብርሃን ካርቦን ያለበትን የተቃጠለ አየር ከላይ እየሳበ ሰውነቱን ይሠራበታል፤ ሥሩና አፈሩ ደግሞ ቀንም ሌትም መልሰው ይተነፍሱታል። ሜዳው የሚወስደው ከሚመልሰው ከበለጠ፣ ካርቦኑን መሬት ውስጥ ያጠራቅማል ማለት ነው። ታዲያ ውርጭ ሲመታው ይህ ልውውጥ ምን ይሆናል? ሜዳው ሰጪ ብቻ ሆኖ ይቀራል ወይስ ያገግማል? ካገገመስ በምን ያህል ጊዜ? የአምሳል ጥያቄ ይኸው ነበር። መልሱን ለማግኘት ደግሞ ውርጭ መውረድ አለበት።

ከብት በሚሰማራበት የወል ግጦሽ፣ ብርድ በሚተኛበት ረባዳ ቦታ ላይ፣ የፕላስቲክ ቀለበቶች መሬት ውስጥ ቀብራለች። በየቀለበቱ ላይ እንደ መስኮት የሚያሳይ ሳጥን ትደፋበታለች፤ ከሳጥኑ የሚወጣው ቀጭን ቱቦ በጀርባዋ ካዘለችው መሣሪያ ጋር ይገናኛል፤ መሣሪያው ሳጥኑ ውስጥ ያለው የተቃጠለ አየር ሲጨምርና ሲቀንስ ያሳያታል። ከዚያ ሳጥኑን በጥቁር ጨርቅ ሸፍና ትደግመዋለች፤ በጨለማ ሣሩ መሳቡን ስለሚተው የሚቀረው ትንፋሹ ብቻ ነው። ከብት ጠባቂዎቹ መጀመሪያ ከበው አዩ፣ ቀጥለው ሳቁ፣ በመጨረሻ ስም አወጡላት፤ «የጎበዜ ልጅ የሣር ግፊት ትለካለች» ተባለ። አንድ ሽማግሌማ፣ ከልባቸው ይሁን እያሾፉ እንጃ፣ ለሣሩ ጨው ይቀነስለት እንደሆን ጠይቀዋታል።

አምና ውርጩ ሳይወርድ ቀረ። ሽምብራው እንደ ጉድ አፈራ፣ አባቷ ደስ አላቸው፣ እሷ ግን አንድ ዓመት ሙሉ ባከነባት። አማካሪዋ ዶክተር በእውቀቱ ከባሕር ዳር ደውለው፣ መሣሪያው በውሰት የመጣ ስለሆነ በጥር መጨረሻ እንደሚመለስ፣ ዘንድሮም ካልወረደ ርእሱን ቀይራ እንደገና ከመጀመሪያው እንደምትነሣ ነገሯት። በቁጣ አልነበረም የነገሯት፤ በቁጣ ቢሆን ይሻላት ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስልኳ ላይ የአየር ትንበያ እየከፈተች ማየት እንደ ጥርስ ሕመም አላስቀምጥ አላት። ደመና ሲመጣ ትናደዳለች፣ ነፋስ ሲነሣ ትናደዳለች፣ ሌሊቱ ሞቅ ሲል ብርድ ልብሱን ገፍታ ትነሣለች።

በኅዳር ሚካኤል ከእናቷ ከወይዘሮ ይታይሽ ጋር በመንደሩ ሚካኤል ቅጽር ውስጥ ቆመች። ቅዳሴው አልቆ የስለት ሰዓት ሆነ። መሪጌታ ተክለ ማርያም የድምፅ ማጉያውን ይዘው የእያንዳንዱን ባለስለት ጉዳይ ለሕዝቡ ይናገራሉ፤ የደብሩ ልማድ ነው፣ የተለመነው ነገር በአደባባይ ካልተነገረ ስለቱ እንደገባ አይቆጠርም። አንዷ ልጇ ከሕመም ተነሥቶላት መጋረጃ አምጥታለች፤ አንዱ የጠፋ በሬው ተገኝቶለት ምንጣፍ ይዟል። ሕዝቡ በየመሐሉ እልል ይላል። አምሳል ከነጠላዋ ሥር ስልኳን ሰረቅ አድርጋ አየች፤ ሳምንቱን ሙሉ ደመና ነው ይላል። ስልኳን መልሳ ደበቀች። ዓይኗን ጨፈነችና፣ ሚካኤል ለአንዲት ሌሊት ብቻ ውርጩን ቢያወርድላት ባለ ወርቅ ዘርፍ ጃንጥላ ልታስገባለት ተሳለች።

ዓይኗን ስትገልጥ እናቷ አጠገቧ መሬት ስመው ሲነሡ ደረሰች። ምን እንደለመኑ ጠየቀቻቸው።

«ሽምብራችንን ከውርጭ እንዲሰውርልን ነዋ» አሉ እናቷ፤ «እኔ ሌላ ምን ጣጣ አለብኝ?»

አምሳል ፈገግ ለማለት ሞከረች። የተማረች ናት፣ ውርጭ በስለት እንደማይመጣ ታውቃለች። ቢሆንም እስከ ቤት ድረስ የእናቷን ፊት ቀና ብላ ማየት አልቻለችም።

ከግጦሹ ዳር፣ ከአምሳል ቀለበቶች ብዙም ሳይርቅ፣ የሰርክ የአፈር ጉድጓድ ነበር። ሰርክ ሸክላ ሠሪ ናት፤ ባሏ ቻላቸው ሸማኔ ነው፤ ቤታቸው ከአቶ ጎበዜ ቤት ጀርባ ነው። መንደሩ በሙሉ በእሷ ድስት ወጥ ይሠራል፣ በእሷ ገንቦ ውኃ ይቀዳል፣ ከእሷ ጋር ግን በአንድ ማዕድ አይቀርብም። በዕድሜ የወይዘሮ ይታይሽ እኩያ ብትሆንም አንቱ የሚላት የለም። አምሳል በልጅነቷ የሰርክ ደጅ ላይ ጭቃ ስታድበለብል ነው የዋለችው። እናቷ «ዓይኗ ጥሩ አይደለም፣ ነይ ግቢ» እያሉ ሲጠሯት ሰርክ ትሰማለች፤ ሰምታም እንዳልሰማች ሆና የጀመረችውን ድስት ታለሰልሳለች።

ኅዳር ሊያልቅ ሲል የወገኔ ላም እዚያ ጉድጓድ ውስጥ ገብታ እግሯ ተሰበረ። ወገኔ የሰፈሩ አፍ ነው፤ ሌላው ሰው አስቦት የሚተወውን እሱ ሳያስበው ይናገረዋል። ጎረምሶቹን አስተባብሮ ጉድጓዱን በድንጋይ ያስሞላ ጀመር። ሰርክ እየሮጠች ደርሳ ለመነች። እንዲያ ያለ አፈር ሌላ ቦታ እንደማታገኝ፣ ዙሪያውን አጥራ እንደምትጠብቀው፣ ለላሟም ካሳ እንደምትከፍል ተናገረች። የሰማት የለም። የመጨረሻው ድንጋይ ሲወድቅ ቀና ብላ፣ «እኔን ከአፈሬ እንዳወጣችሁኝ፣ እናንተንም ከሣራችሁ ያውጣችሁ» አለቻቸው።

አምሳል ሳጥኗን እንደታቀፈች ቆማ ሰማች። እዚያ የነበረው ሰው ሁሉ ሰማ። የተናደደ ሰው ንግግር ነውና ያን ዕለት ከቁም ነገር የቆጠረው አልነበረም።

ውርጩ የወረደው በታኅሣሥ አጋማሽ ነው። ዋዜማውን ነፋሱ ጸጥ፣ ሰማዩ ኩልል ሲል አምሳል ከወረታ በባጃጅ መጥታ ወላጆቿ ቤት አደረች። ጎህ ሲቀድ በሩን ከፍታ ወጣች። ሜዳው ነጭ ነበር። ከአጥሩ ጀምሮ እስከ ሩዙ ክምር ድረስ ሣሩ ሁሉ አመዳይ ለብሷል፤ ስትረግጠው ከሽ ከሽ ይላል። ወደ ቀለበቶቿ ሮጠች። እየሮጠች ብቻዋን ሳቀች። ደስ አላት፤ ሌላ ስም ልሰጠው ብል ውሸት ይሆንብኛል።

ፀሐይ ስትወጣ ሳጥኑን ደፋች። ከዚያ በፊት በነበሩት ቀናት በዚያው ሰዓት ሣሩ አየሩን እየሳበ ቁጥሩ ቁልቁል ይወርድ ነበር፤ ዛሬ ወደ ላይ ወጣ። ሣሩ መሳቡን ትቷል፤ አፈሩ ብቻ መተንፈሱን ቀጥሏል። ሜዳው በአንድ ሌሊት ከተቀባይነት ወደ ሰጪነት ዞረ። ይህን ቁጥር ስትጠብቅ ሁለት በጋ ሆኗታል። ቀኑ ረፈድ ሲል አረንጓዴው ሣር እንደ ተቀቀለ ጎመን ጠቁሮ ተኛ፤ እሷም ከቀለበት ወደ ቀለበት እየተንበረከከች ስትለካ ማርፈዷ አልታወቃትም።

ቀና ስትል አባቷን አየቻቸው። ጋቢያቸውን እስከ አገጫቸው ስበው ከሽምብራው ማሳ መሐል ቆመዋል። አበባ ቀጠፉና በጣቶቻቸው መሐል አሹት፤ ጠቁሮ ውኃ ሆነ። ከዚያ ቀስ ብለው ወደ እሷ መጡ፣ ሳጥኑን አዩ፣ ቱቦውን አዩ።

«ይኼ መሣሪያሽ ውርጭ እንደሚመጣ አያውቅም ነበር?» ሲሉ ጠየቋት።

«አያውቅም አባዬ» አለች።

እውነቷን ነው፣ መሣሪያው አያውቅም። አባቷ ራሳቸውን ነቅንቀው ሄዱ። እሷም ወደሚቀጥለው ቀለበት ተሻገረች።

የገና ጾም ሳይፈታ ወሬው መጣ። ሽምብራው ከተመታበት ሰው ሁሉ ጮክ ብሎ የተናገረው ወገኔ ነው። ሰርክ ከሣራችሁ ያውጣችሁ ብላን አልነበረም ወይ? ሣሩስ አልሞተም ወይ? ያንን ለአንዱ ነገረ፣ አንዱ ለሌላው፣ እየዞረ ሲመለስ ሰርክ በዚያች ሌሊት ሜዳው ላይ ስትዞር ያያት ሰው ሁሉ ተገኘ። እናቶች ስታልፍ ልጆቻቸውን ወደ ቤት መሳብ ጀመሩ። ለቻላቸው ፈትል ይሰጡ የነበሩ ሴቶች ፈትላቸውን መልሰው ወሰዱ።

አምሳል ዝም አላለችም። እንዲያውም ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሰው ዛፍ ጥላ ሥር በተሰበሰበበት ተነሥታ አስረዳች። ደመና በሌለበት ሌሊት የመሬቱ ሙቀት ወደ ላይ እንደሚያመልጥ፣ ቀዝቃዛ አየር ከባድ ስለሆነ እንደ ውኃ ወደ ረባዳው እንደሚፈስ፣ ነፋስ ከሌለ ደግሞ እዚያው እንደሚተኛ፣ ማንም ሰው በቃሉ ሊያመጣው እንደማይችል አንድ በአንድ ነገረቻቸው። በትዕግሥት ሰሟት። ስትጨርስ ወገኔ፣ «ሁሉም ልክ ነው። ደመናውንስ ማን ገፈፈው?» አላት።

መልሱ አፏ ላይ ነበር። አንዲት ዓረፍተ ነገር ትበቃ ነበር፤ «የተሳልሁት እኔ ነኝ» ብትል ወሬው እዚያው ይሞታል። ግን ዋጠችው። ምክንያቱን ለራሷ በደንብ አድርጋ ደረደረች። ሥራዋ ገና ግማሽ ነው፤ ሜዳው እንዴት እንደታመመ አይታለች እንጂ እንዴት እንደሚያገግም አላየችም። በየቀኑ መለካት አለባት። ይህን ከተናገረች ሳጥኑን በዱላ ይሉታል፣ እሷንም ከግጦሹ ያባርሯታል፤ ሁለት ዓመት የጠበቀችው በአንድ ቀን ገደል ይገባል። ሣሩ ያገግም፣ ከዚያ እናገራለሁ አለች። በጎ ሐሳብ ቀጠሮ ሲሰጡት ደስ ይለዋል፤ ይቀመጣል፣ ይጠብቃል፣ አይጮኽም።

እሷ ግን መቀመጥ አልቻለችም። ውርጩን ስትጠብቅ ከነበረው የባሰ ቅብጥብጥ ያዛት። ጠዋት ትለካለች፣ ቀትር ላይ ትለካለች፣ ማታ በባጃጅ ወረታ ትመለስና ያው ክፍሏ ውስጥ ከበር ወደ አልጋ ትመላለሳለች። የሞተው ሣር ፀሐይ ሲያገኘው መበስበስ ጀመረና ሜዳው የሚሰጠው አየር ይባስ ጨመረ። ቁጥሩ ያማረ ነበር። አንድ ቀን ጠዋት ወደ ቀለበቶቿ ስታልፍ የሰርክ ደጅ ላይ ሊተኮሱ የደረቁት ድስቶች ተሰባብረው አየች። ማን እንደሰበራቸው የጠየቀ የለም። ሰርክ ተቀምጣ ስብርባሪውን በመዳፏ እየጠረገች ወደ አንድ ቦታ ትሰበስበዋለች። ቀና ብላ አየቻት፤ አምሳል እጅ ነሥታ ፈጠን ብላ አለፈች። ያን ቀን አንዱን ልኬት ሁለት ጊዜ አበላሸችው።

ጥምቀት ሲቃረብ ከሞተው ሣር ሥር አዲስ ቀንበጥ ብቅ አለ። በመጀመሪያ ተንበርክከው ካላዩት የማይታይ ነበር፤ ከዚያ ከሩቅም አረንጓዴ ሆነ። መሣሪያውም ቁጥሩ ቀስ በቀስ ቁልቁል ሲመለስ አሳያት፤ ሜዳው እንደገና መሳብ ጀመረ። ዶክተር በእውቀቱ ስልክ ላይ ሳቁ፤ እንዲህ ያለ ሙሉ ነገር፣ ከነበሽታው ከነማገገሙ፣ በዚህ አገር ስንቱ አግኝቶት ያውቃል ብለው አመሰገኗት። ያንኑ ዕለት እናቷ፣ ታቦቱ ከገባ በኋላ ሽማግሌዎች ሊቀመጡ መሆኑን፣ ሰርክና ቻላቸው ከመንደሩ እንዲለቁ ሊነገራቸው መሆኑን አወሯት። እናቷ ይህን ሲናገሩ በድምፃቸው ክፋት አልነበረበትም። ምን ይደረግ በሚል ቃና ነበር ያወሩት።

አምሳል ወረታ ገበያ ወርዳ ባለ ወርቅ ዘርፉን ጃንጥላ ገዛች። ስለቱንስ ማስገባት ነበረባት፤ ይህን ያህል ተምራም ቢሆን የሚካኤልን ዕዳ ተሸክሞ የማደር ድፍረት አልነበራትም። ስለ ሰርክ ግን ሌላ ዘዴ አሰበች። ሽማግሌዎቹን በየቤታቸው ዞራ ታነጋግራለች፣ በአባቷ ታስለምናለች። መሪጌታም ሲጠይቋት «ስለ ትምህርቴ ነው» ትላለች፤ ውሸት አይደለማ።

በጥር አሥራ ሁለት፣ በቃና ዘገሊላ፣ ሚካኤል ከባሕረ ጥምቀቱ ወደ ደብሩ ሲመለስ አገሩ በሙሉ ሜዳው ላይ ፈሰሰ። ጎረምሶቹ ይጨፍራሉ፣ ካህናቱ ያሸበሽባሉ፣ የሴቶቹ ቀሚስ ያበራል። ታቦቱ ከቅጽሩ በር ላይ ቆመና ባለስለቶች ተጠሩ። አምሳል ጃንጥላዋን ይዛ ተሰለፈች። ከተሰለፈችበት ቦታ ሰርክንና ቻላቸውን አየቻቸው። ነጭ ለብሰው ከሕዝቡ ዳር ቆመዋል። ሰው እንዲያ ተጨናንቆ፣ ልጆች እንኳ ዛፍ ላይ ወጥተው፣ በሁለቱ ዙሪያ ግን ማንም የማይቆምበት ባዶ ቦታ ነበር። በሬ የሚያሳርስ ቦታ። ሰርክ እዚያ ባዶ ውስጥ ሆና እንደማንኛውም ሰው እልል ትላለች።

መሪጌታ ጃንጥላውን ተቀብለው አደነቁና ስለ ምን እንደሆነ ለመስማት ጎንበስ አሉላት። ያዘጋጀችው ቃል ጠፋባት።

«ውርጭ እንዲወርድልኝ ነው የተሳልሁት፣ መሪጌታ።»

መሪጌታ የሰሙትን አላመኑም። እንድትደግመው አደረጓት። ከዚያ ፊታቸው ተለዋወጠና እንዲህ ያለው ነገር ከእሳቸው አፍ እንደማይወጣ፣ ዝም ብላ አስረክባ እንድትሄድ በሹክሹክታ ነገሯት። አምሳል እጇን ዘርግታ ማጉያውን ከእጃቸው ወሰደች።

«በኅዳር ሚካኤል ውርጭ እንዲወርድ የተሳልሁት እኔ ነኝ» አለች። ድምፅዋ ሜዳውን ዞሮ መጥቶ እሷኑ አስደነገጣት። «ለትምህርቴ ፈልጌው ነው። ሚካኤልም ሰማኝ። እትዬ ሰርክ ምንም አላደረገችም።»

ከበሮው ቆመ። አባቷን በሕዝቡ መሐል አገኘቻቸው፤ ዱላቸው ላይ ተደግፈው ያዩዋታል። ድንጋይ ጠበቀች። እውነቱን ለመናገር ድንጋዩን ፈልጋው ነበር፤ አንድ ሰው ቢሰድባት፣ አንድ ሰው ጃንጥላውን መልሶ ቢወረውርላት፣ ከውርጩ ቀን ጀምሮ ደረቷ ላይ የተቀመጠው ነገር የሚነሣላት መሰላት።

ከፊት ከቆሙት አሮጊቶች አንዷ እልል አሉ። መቼም ስለት ደርሷል፣ ታቦት ቆሟል፣ ዝም አይባል ነገር። ሁለተኛዋ ተከተለች። ከዚያ ሜዳው ሁሉ እልልታ ሆነ። መሪጌታም እፎይ ብለው ማጉያውን ተቀበሏትና ሚካኤል የለመነውን አያሳፍርም፣ ይኸው ምስክሩ አሉ። ወገኔ ራሱ ሳቁን መቆጣጠር አቃተው፤ የተማረ ሰው መላእክቱንም ያዛቸው ብሎ ለጎኑ ሰው ነገረ፤ ወሬው እየተቀባበለ ሳቅ ሆነ። ከቅጽሩ ሳትወጣ ሁለት ሴቶች አስቁመዋት፣ ለከርሞ ለሩዙ ዝናቡን በልኩ እንድትሳልላቸው ለመኗት። ሲቀልዱ አልነበረም።

ማታ ቤት እራት ቀረበ። አባቷ፣ ለወደፊቱ እንዲህ ያለ ነገር ስታስብ ለእሳቸው ቀደም ብላ እንድትነግራቸው፣ ሽምብራውን በእሸቱ አውጥተው እንደሚሸጡት ተናገሩና ራሳቸው በራሳቸው ሳቁ። እናቷ ብቻ አልሳቁም።

«እኔም እኮ የዚያኑ ዕለት ለምኜ ነበር» አሉ፤ ሳህን ለማንሣት ጎንበስ እንዳሉ።

አምሳል እጃቸውን ያዘች። እሳቸውም ጭንቅላቷን ዳሰሷት። የሽማግሌዎቹ ጉባኤም በዚያው ቀረ፤ ወገኔ፣ ነገሩ ታወቀ አይደል፣ ምን አስቀመጠን ብሎ ሁሉንም በተነ። ያን ሌሊት አምሳል ከስንት ጊዜ በኋላ ሳትገላበጥ ተኛች።

ጠዋት ደስ ብሏት ወደ ሰርክ ቤት ሄደች። ደጁ ላይ ጋሪ ቆሟል። የሽመናው እንጨቶች ተፈትተው ተጭነዋል፤ ከስብራት የተረፉት ድስቶችና ገንቦዎች በገለባ ተጠቅልለው በመሐላቸው ተቀምጠዋል። ቻላቸው አህያዋን ጋሪው ላይ ይጠምዳል። አምሳል ያልገባቸው መስሏት ተቻኩላ አስረዳች። ጉባኤው ቀርቷል፣ የሚያስወጣቸው የለም፣ የአፈሩንም ጉድጓድ እንዲከፍቱላቸው አባቷ ይናገራሉ።

«ሰማሁ እኮ» አለች ሰርክ። «እዚያው ነበርሁ።»

ገመዱን ጎትታ አጠበቀች። አንበሳሜ ከተማ ወንድም አላት፣ እዚያም አፈር አይጠፋም። አምሳል እንዳትሄድ ለመነቻት፤ አሁን ሰው ሁሉ እውነቱን እንዳወቀ ደጋግማ ነገረቻት።

«እኔ አንድ ቃል ተናገርሁ፣ ሸክላዬን ሰበሩት» አለች ሰርክ፤ ድምፅዋ ውስጥ ቁጣ አልነበረም። «አንቺ ተሳልሽ፣ እልል አሉልሽ። ነገ ከብት ይታመማል፣ ኩፍኝ ይገባል። ሁልጊዜ አንቺ ተስለሽ አትገኚም እኮ።»

ሰርክ የገመዱን ጫፍ አስራ ስትጨርስ ቀና ብላ ፊቷን አየቻት።

«ውርጩ የወረደ ዕለት ጠዋት አንቺ መሆንሽን ታውቂ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«ታዲያ እስከ ትናንት ምን ይዞሽ ነው?»

ፈርቼ ነው ብትል ይታመን ነበር። ፍርሃት ማንም የሚረዳው ነገር ነው። ግን ትናንት ሜዳ ሙሉ ሕዝብ ፊት ቆማ ከተናገረች ወዲያ ለዚህች ሴት መዋሸት አልሆንላት አለ።

«ሣሩ እስኪያገግም እየለካሁ ነበር» አለቻት።

ሰርክ ዞር ብላ ሜዳውን አየች። አዲሱ ሣር ጤዛ እንዳረገዘ ከጥግ እስከ ጥግ አረንጓዴ ነበር፤ የወገኔም ከብቶች ተሰማርተውበታል።

«አገገመ?»

«አገገመ፣ እትዬ ሰርክ።»

«ደግ» አለች ሰርክ፤ ጋሪውን ከኋላ ገፋ አደረገችና ከባሏ ጋር ወደ አስፋልቱ ወጡ።